ጥርሱን ሳይሆን ቀኑን እዩ፦ የጀልባ ተሳቢ ጎማ አመራረጥና አያያዝ

ጣና ዳር ጀልባ ያለውን ሰው ስለ ሞተሩ ጠይቁት፤ ሰዓት ሙሉ ያወራችኋል። ስለ ካንዴላው፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ፕሮፔለሩ። ጀልባዋን ተሸክሞ ስለሚሄደው ተሳቢ ጎማ ስትጠይቁት ግን "እሱ ደህና ነው፣ ጥርሱ ገና ነው" ብሎ ያልፋችኋል። ችግሩ ያለው እዚችው መልስ ላይ ነው።

የጀልባ ተሳቢ ጎማ ጥርሱ አልቆ አይሞትም። ቆሞ ነው የሚሞተው። ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትሠራ ተሳቢው ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየመታው ለወራት ይቆማል፤ ወይም ጀልባዋን ከነሙሉ ክብደቷ ተሸክሞ ይቆማል፣ ይሄ ደግሞ የባሰ ነው። ባለፉት ዓመታት እንግዳ ሲጠፋ ስንቱ ጀልባ ከነተሳቢው እንደቆመ ባሕር ዳር ያለ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ አንድ ቀን ጀልባዋ ትሸጣለች፣ ወይ ለጥገና ትፈለጋለች፣ ወይ በየብስ ቁንዝላ ድረስ መጎተት ይመጣል። ጎማው ሲያዩት ጥርሱ ሙሉ ነው። አስፋልቱ ላይ ትንሽ ከሄደ በኋላ ግን ይፈነዳል።

የምጽፈው ትንሽና መካከለኛ የሞተር ጀልባ በፒካፕ ወይ በላንድክሩዘር ለሚጎትቱ ሰዎች ነው። ትልልቆቹን የብረት ጀልባዎች በሎቤድ የሚያጓጉዙት የራሳቸው ዓለም አላቸው።

መጀመሪያ ክብደቱን እወቁ

ጎማ ቤት ገብታችሁ "የተሳቢ ጎማ ስጡኝ" አትበሉ። የምትጎትቱት ስንት ኪሎ እንደሆነ ሳታውቁ የሚሰጣችሁ ጎማ ግምት ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው የጀልባዋን ቀፎ ብቻ ነው። ሞተሩ አለ፤ 40 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እንደ ዓይነቱ ከ70 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል። ቤንዚኑ አለ፤ ሊትሩ 750 ግራም ገደማ ስለሆነ 100 ሊትር ማለት 75 ኪሎ ነው። ባትሪ፣ መልሕቅ፣ ገመድ፣ የሰዎች ላይፍ ጃኬት፣ ወንበር። ከወለሉ ስር የተጠራቀመውንም ውሃ አትርሱ፤ ሳትጎትቱ በፊት አፍስሱት፣ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። በመጨረሻም ተሳቢው ራሱ አለ፤ እዚሁ ብየዳ ቤት የተሠራ ከሆነ ብረት ስለማይቆጠብበት ብዙ ጊዜ ከባድ ነው።

የሚሻለው ጀልባዋን ጭናችሁ የመኪና ሚዛን ላይ ማቆም ነው። መኪናውን ፈታችሁ ተሳቢውን ብቻውን አስመዝኑት። ሚዛን ካልተገኘ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ደምሩ።

ለምሳሌ ቀፎው 700፣ ሞተሩ 100፣ ቤንዚኑ 75፣ ኮተቱ 75፣ ተሳቢው 350 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 1,300 ነው። ከዚህ ውስጥ 100 ያህሉ የሚያርፈው መኪናው መጎተቻ ላይ ነው። ለጀልባ ተሳቢ ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶው እዚያ ቢያርፍ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ከኋላ ይወዛወዝባችኋል። የቀረው 1,200 ለሁለት ጎማ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 600 ኪሎ ይደርሰዋል። እዚህ ላይ 20 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩበት፣ 720 ይሆናል። ለምን ብትሉ፣ ክብደቱ በወረቀት ላይ እኩል ይካፈላል እንጂ መንገድ ላይ አይካፈልም። ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ይተኛል። ጉድጓድ ስትገቡማ አንዱ ጎማ ለቅጽበት የሁለቱን ሸክም ይይዛል።

ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

የጎማ ጎን ላይ መጠኑ ከተጻፈ በኋላ አንድ ቁጥርና አንድ የላቲን ፊደል ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ጎማው የሚችለውን ክብደት፣ ፊደሉ የሚችለውን ፍጥነት ነው የሚናገረው። ቁጥሩ ኪሎ አይደለም፣ የሰንጠረዥ ቁጥር ነው። 82 ማለት 475 ኪሎ ነው። 91 ማለት 615፣ 97 ማለት 730፣ 100 ማለት 800፣ 106 ማለት 950 ኪሎ። ከላይ ላሰብነው ጀልባ እንግዲህ ቢያንስ 97 የሚል ጎማ ያስፈልገናል። ፊደሉ ብዙም አያስጨንቃችሁ፤ ጀልባ ጎትታችሁ ከ80 በላይ ለመንዳት ካላሰባችሁ በስተቀር ማንኛውም ደህና ጎማ ይበቃችኋል። ካሰባችሁም ተዉት።

አሁን የተለመደውን ስሕተት እንየው። አሮጌ የቤት መኪና ጎማ ተነቅሎ ተሳቢ ላይ ይገጠማል። ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ። ግን 13 ቁጥር ቸርኬ ላይ የሚገባው የትንሽ መኪና ጎማ ብዙ ጊዜ 82 አካባቢ ነው፣ ማለትም 475 ኪሎ። የቤት መኪና ጎማ ተሳቢ ላይ ሲገባ ደግሞ አቅሙ በ1.1 ተካፍሎ ነው መታሰብ ያለበት፤ 430 ገደማ ይቀራችኋል። 600 ኪሎ ልትጭኑበት ነው! ጎኑም ስስ ነው፣ ለምቾት ተብሎ እንዲለመጥ የተሠራ። ተሳቢ ላይ የሚለመጥ ጎማ ይግላል፣ የሚግል ጎማ ደግሞ ውስጡ ይላቀቃል።

ፈረንጆቹ ለተሳቢ ብቻ የሚሠሩት ጎማ አላቸው። መጠኑ ከመጻፉ በፊት ኤስ ቲ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉበት። ጎኑ ጠንካራ ነው፣ አይወዛወዝም። መኪና ላይ ግን አይገጠምም፤ መሪ ለመታዘዝም ሆነ ሞተር ለመግፋት አልተሠራም። ከውጭ ከነተሳቢው የመጣ ጀልባ ካላችሁ ምናልባት እሱ ነው የተገጠመበት። እዚህ አገር ገበያ ላይ እሱን ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። ብታገኙትም አንዱ ሲፈነዳ ሁለተኛውን የት ታገኙታላችሁ?

ስለዚህ ለኛ የሚያዋጣን የሚኒባስና የትንሽ የጭነት መኪና ጎማ ነው። መጠኑ መጨረሻ ላይ ሲ የሚል ፊደል ያለበት። 195 አር 14 ሲ የሚለውን ውሰዱ፤ 8 ፕላይ (የጎማው የጥንካሬ ደረጃ ነው) የሆነው ብዙ ጊዜ 106 ነው፣ ማለትም አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ይሸከማል። ለኛ 720 ኪሎ ተርፎት ይሄዳል። ጎኑ ወፍራም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታክሲ ባለበት ከተማ ሁሉ ይገኛል፤ ቡሬ ላይ ቢፈነዳባችሁ ቡሬ ላይ ትገዛላችሁ። እኔ ለማንም ሰው የምመክረው ይሄንኑ ነው።

ትንንሽ ቸርኬ፣ 10 እና 12 ቁጥር የሚባሉትን፣ ለአጭር መንገድ ካልሆነ አትምረጡ። ጎማው ትንሽ ሲሆን በአንድ ኪሎ ሜትር የሚዞረው ብዙ ጊዜ ነው። ጎማውም፣ ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታም ቶሎ ይግላሉ። ከአባይ ማዶ ለመሻገር አትነሱባቸው።

ሌላው ራዲያልና የቀድሞው የክር ጎማ ነገር ነው። በአንድ አክስል ላይ አንዱን ከሌላው አትቀላቅሉ። ራዲያሉ በረጅም መንገድ ያን ያህል አይግልም፣ እሱን ምረጡ። ሁለቱንም ጎማ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ በአንድ ጊዜ ግዙ።

ቀኑ! ቀኑ!

እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

የጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ። ከነሱ ቀጥሎ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ይመጣል፣ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር አለ። ብዙ ጊዜ በሞላላ ክብ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የተመረተበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱ ናቸው። 2318 ካለ በ2018 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር 2018! የኛ 2018 አይደለም። በኛ ሲሆን ግንቦት ማብቂያ፣ ሰኔ መግቢያ 2010 ዓ.ም. ነው። አንድ ጎማ ሻጭ በዚችው ነገር ሊሸጥልኝ ሞክሯል። ባትሪ አበርቼ ቁጥሩን ሳነብ ከጀርባዬ መጥቶ "ጋሼ ምን ያጨናንቅዎታል፣ 18 ይላል እኮ፣ የዘንድሮ ነው" አለኝ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እግዜር ይወቀው። "ወንድሜ፣ እኛ ጋ ነው እንጂ እነሱ ጋ 18 ካለፈ ቆየ" ብዬው ሳቅን። ጎማው ግን ከነፕላስቲኩ የሚያብረቀርቅ፣ ፀጉር መሳይ የጎማ ክሮቹ እንኳ ያልረገፉ "አዲስ" ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ። ከ37 በላይ ከሆነ 7 ቀንሱ፣ ምክንያቱም መስከረም 1 የሚውለው እዚያ አካባቢ ነው። አራቱ ቁጥር ጎማው በአንድ ጎኑ ላይ ብቻ ሊጻፍ ይችላል። ካላገኛችሁት ጎማውን አገላብጡት። ተገጥሞ ከሆነም ከስር ገብታችሁ በባትሪ ፈልጉት። "የለውም" የሚላችሁን ሻጭ አመስግናችሁ ውጡ።

ስንት ዓመት ይቆያል? ለተሳቢ ጎማ 5 ዓመት ሲሞላው መጠራጠር፣ 6 ሲያልፈው መቀየር ጥሩ ልማድ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም። ጎማ ሲመረት የሚጨመርበት መከላከያ ነገር አለ። ጎማው ሲሽከረከርና ሲለመጥ ወደ ላይ ብቅ እያለ ገጹን ይጠብቀዋል። ሳይሽከረከር የቆመ ጎማ ይሄ ጥበቃ ስለሚያንሰው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ፀሐዩም አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር የፀሐዩ ጉዳትም ይጨምራል።

ሲገዙም ሆነ ያላችሁን ሲፈትሹ ጎኑን በአውራ ጣት ገፋ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ሲለመጥ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቅ ከተከፈተ አርጅቷል። እብጠት ካለበት ደግሞ ንግግር የለም፣ ውስጡ ተቆርጧል። ጥርሱ ከቆዳው የተነሳ የሚመስል፣ እጅ ሲያልፍበት ጉብ ጉብ የሚል ጎማም እንደዚያው።

ያገለገለ ጎማ? ለጀልባ ተሳቢ አልመክርም። ዋጋው እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ግን ያገለገለ ጎማ የሚሸጠው ጥርሱ ታይቶ ነው፤ ለኛ ደግሞ ጥርሱ ምንም አይነግረንም።

ቸርኬና ስኮርታ

ተሳቢ ልታሠሩ ከሆነ አንድ ብልጠት ልንገራችሁ። የተሳቢውን ቸርኬ የምትጎትቱበት መኪና ጋ አንድ ዓይነት አድርጉት። መኪናችሁ ባለ 6 ቀዳዳ ሃይሉክስ ከሆነ ተሳቢውም ባለ 6 ቀዳዳ፣ የቀዳዳው ክብ ልኬትም 139.7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ያኔ ሁለት ስኮርታ ይዛችሁ እንደሄዳችሁ ቁጠሩት፤ የመኪናው ለተሳቢው፣ የተሳቢው ለመኪናው በችግር ጊዜ ይሆናል። ስኮርታው ግን ፓራፋንጎው ስር ሳይነካ መዞሩን ግቢ ውስጥ ገጥማችሁ ሞክሩት። አስፋልት ዳር ጨለማ ውስጥ አይሞከርም።

ቸርኬውም የራሱ አቅም አለው። ጎማው 950 ኪሎ ቢችል ቸርኬው ካልቻለ ዋጋ የለውም። የታጠፈ፣ ተበይዶ የተቃና፣ የዳዶ ቀዳዳው ሞላላ የሆነ ቸርኬ ለጀልባ አይሆንም።

አዲስ ጎማ ስታስገቡ ቫልቩንም አዲስ አድርጉ። ሳንቲም ናት። ከ65 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) በላይ የምትሞሉ ከሆነ ተራው የጎማ ቫልቭ አይበቃም፣ የብረቱን አስገጥሙ። ክዳኗንም አትጣሏት፤ ተሳቢው ጭቃና ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው።

ባላንስ ማሠራት ለተሳቢ ግዴታ አይደለም ይላሉ። እኔ አሠራለሁ። ማንም ሰው ተሳቢ ላይ ስለማይቀመጥ መንቀጥቀጡን የሚያውቀው የለም፣ ጀልባዋ ግን ትንቀጠቀጣለች።

ጎሚስታ ቤት

ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታው መጀመሪያ የሚያስበው ካላማዳሪ፣ ማለትም የውስጥ ላስቲክ፣ መክተት ነው። ቸርኬው ዝጎ ከሆነ፣ በዙሪያው ንፋስ ከወጣ፣ "ካላማዳሪ እናስገባና እንገላገል" ይላል። ከተማ ውስጥ ለመድረስ ይሠራል። ለረጅም መንገድ ግን ካላማዳሪ የማይፈልግ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪ ስታስገቡ ሁለቱ እየተፋተጉ ሙቀት ይፈጥራሉ። ሲበሳ ደግሞ ቀስ ብሎ አይተነፍስም፣ ባንዴ ነው የሚለቀው። ይልቅ ቸርኬውን በሽቦ ብሩሽ አስፍቁት። ጎማው የሚያርፍበት ጠርዝ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ። ከዚያ ቀለም ቀብታችሁ፣ አድርቃችሁ መልሱት።

ጥርሱ ላይ የገባ ምስማር ከውስጥ ይለጠፋል፣ ችግር የለውም። ጎኑ ላይ የተበሳ ግን አይለጠፍም። "እኔ እለጥፈዋለሁ" የሚል ጎሚስታ አይጠፋም። ይለጥፈዋልም። ለጋሪ ይሁን፣ ለጀልባ አይሁን።

ንፋስ

በእርጅና ያልሞተ ጎማ ንፋስ አጥቶ ነው የሚሞተው። ጎማ ሳይበሳም በወር 1 ወይ 2 ፒ ኤስ አይ ያጣል። 50 የተሞላ ጎማ ለግማሽ ዓመት ሲቆም 40 አካባቢ ወርዶ ታገኙታላችሁ፤ በዓይን ስታዩት ግን ያው ነው። 40 ላይ ያለ ጎማ 50 ላይ የሚሸከመውን አይሸከምም። ጎኑ ይለመጣል፣ ይግላል፣ የሚያልቀውም ከውስጥ ነው።

የራሳችሁን መለኪያ ግዙ። ነዳጅ ማደያ ያለው መለኪያ ብዙ ጊዜ የሚጥለውም የሚረግጠውም ብዙ ነው፣ አትመኑት።

ስንት ይሞላ? ጎኑ ላይ የመጨረሻው ልክ ተጽፏል። ለመኪና ከዚያ በታች ነው የሚሞላው፤ ለተሳቢ ግን ልማዱ እዚያው ልኩ ድረስ ወይ እሱ አካባቢ መሙላት ነው። የተሳቢ ጎማ ላይ ብዙውን ጊዜ ባለ 6 ፕላዩ 50፣ ባለ 8 ፕላዩ 65 ፒ ኤስ አይ ነው። በባር ለሚለካ 50ው ሦስት ተኩል ገደማ፣ 65ቱ አራት ተኩል ነው። ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ጠዋት፣ ሳይነዳ፣ ፀሐይ ሳይመታው ለኩት። መንገድ ላይ ቆማችሁ ስትለኩ ከፍ ብሎ ብታገኙት አታስተንፍሱ። ስለጋለ ነው፣ ሊጨምር ይገባዋል። የጋለ ጎማ አስተንፍሶ የሄደ ሰው በማግሥቱ ጠዋት የሚነሳው ባነሰ ንፋስ ነው።

ተሳቢው ዳርቻው ላይ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ የጎማውን ንፋስ ቀንሶ የሚያወጣም አለ። ዋልካ መሬት ላይ ይሠራል፣ አልክድም። ግን አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ የምትሞሉበት ፖምፓ ከሌላችሁ አትሞክሩት። ጣና ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ መስከረም አካባቢ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ውሃው ስለሚሸሽ ተሳቢው ጭቃው ላይ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ጀልባ ማውጣት ካለባችሁ ቀኑን መርጣችሁ አውጡ።

ሲቆም

ተሳቢው ከወር በላይ የሚቆም ከሆነ በክሪክ አንሡትና አክስሉን በእንጨት ጉማጅ ወይ በድንጋይ ደግፉት። ጎማው ከመሬት ጥቂት ከፍ ይበል። ክሪኩን ብቻውን አምናችሁ አትሂዱ። ማንሣት ካልተቻለ ከጎማው ስር ጣውላ አድርጉ፣ ንፋሱን ልኩ ድረስ ሙሉ፣ በየወሩም ተሳቢውን ግማሽ ዙር ያህል ወደፊት ግፉት። ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዳይተኛ ነው።

ጎማዎቹን ሸፍኑ። የተለየ ነገር አያስፈልግም። ጆንያ ይበቃል፣ ሸራ ካለ ጥሩ። ፀሐዩን ማራቅ ነው ዋናው። ብየዳ ቤት አጠገብ ተሳቢ የሚያቆሙ ሰዎች ደግሞ አሉ፤ የብየዳው የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ የሚፈጥረው ኦዞን የሚባል ጋዝ ጎማን ይሰነጥቃል። ራቅ አድርጉት።

ላቫጆ ስትገቡ "ከስር ናፍጣ እንርጭበት?" ካሏችሁ፣ ጎማው ላይ እንዳይነካ ንገሯቸው። ናፍጣ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያልፈሰፍሰዋል። ለማሳመር የሚቀቡትም ዘይትነት ያለው ጥቁር ነገር እንደዚያው። ሳሙናና ውሃ ይበቃል።

ውሃ ውስጥ ሲገባ

ጣና ጨው የለውም፣ ዕድለኞች ነን። የባሕር ጀልባ ያላቸው ሰዎች ከየጉዞው በኋላ ተሳቢውን የሚያጥቡት ጨው ብረቱን ስለሚበላው ነው። የኛ ጠላት ጭቃና ኩሽኔታው ውስጥ የሚገባ ውሃ ነው።

ጎማ ላይ የሚወርድ ጽሑፍ ውስጥ ኩሽኔታ ምን ይሠራል ብትሉ፣ ኩሽኔታ ሲነክስ ጎማ ይዞ ነው የሚሄደው። ከረጅም መንገድ መጥታችሁ ወዲያው ተሳቢውን ውሃ ውስጥ አትንከሩ። ሞዞው (ኩሽኔታውን የያዘው፣ ቸርኬው የሚታሰርበት ብረት) ግሏል፣ ውስጡ ያለው አየር ተለጥጧል። ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካው አየሩ ይሰበሰባል፣ ከውጭ ውሃ ይስባል። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቡና ጠጡ። በእጃችሁ ነክታችሁ ሲቀዘቅዝ አስገቡት።

በዓመት አንዴ ኩሽኔታውን አስወጥታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ውሃ የሚችል ግራሶ ሙሉት። ግራሶው ወተት የቀላቀሉበት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል። ግራሶው እንዳይወጣ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት በዚያው ቀይሩት።

ሌላ ጉዳይ። ከጣና ወጥታችሁ ወደ ሌላ ውሃ የምትሄዱ ከሆነ፣ ለምሳሌ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ፣ ጎማውን፣ ፓራፋንጎውን ከውስጥ፣ የአክስሉን ዙሪያ በደንብ ፈትሹ። የእምቦጭ ቁራጭ ተሳቢ ላይ ተጣብቆ ይጓዛል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጭቃውን እዚያው ጣና ዳር አራግፉና እጠቡ።

መንገድ ላይ

ዳዶውን በመስቀል ቁልፍ አንዱን አጥብቃችሁ ፊት ለፊቱ ወዳለው እየሄዳችሁ አጥብቁ፣ በተርታ አይደለም። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ዳዶ ይላላል። ስለዚህ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቆማችሁ ድገሙት። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ለሚወርድ ዳንግላ ጥሩ ቦታ ነው።

ከዚያ በፊት ግን መራዊ ላይ ቁሙ። 30 ምናምን ኪሎ ሜትር ስለሆነ ችግር ካለ እስከዚያ ራሱን ያሳያል። ወርዳችሁ የእጃችሁን ጀርባ መጀመሪያ ሞዞው ላይ፣ ከዚያ ጎማው ጎን ላይ አስጠጉ። ወደ ሌላው ዙሩና ያንኑ አድርጉ። ሁለቱ እኩል ለብ ካሉ መልካም። አንደኛው ከሌላው በግልጽ ከጋለ ቆም ብላችሁ አስቡ። የጋለው ጎማው ከሆነ ንፋስ አንሶታል። የጋለው ሞዞው ከሆነ ኩሽኔታው ወይ ፍሬኑ ነው። እጅ የማያስነካ ሞዞ ይዛችሁ ወደፊት አትሂዱ።

የጥርሱ አበላልም ያወራል። መሐሉ ብቻ ካለቀ ንፋስ በዝቶበታል፤ ሁለቱ ዳር ካለቀ አንሶታል። አንድ ዳር ብቻ ከሆነ አክስሉ ታጥፏል ወይ ባሌስትራው ሸሽቷል፣ እሱን ሳታሠሩ አዲስ ጎማ አትግዙ። ይበላችኋል።

ደጀን ላይ ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ታች ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፣ ከዚያ እስከ ጎሃ ጽዮን ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። የጉዞው ከባድ ፈተና እዚህ ነው። ከመውረዳችሁ በፊት ንፋስና ዳዶ እዩ። በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ ተንጠልጥላችሁ አትውረዱ፤ የጋለ ፍሬን ሙቀቱን ለጎማው ነው የሚያስረክበው። ብችል በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ነው የምወርደው።

መኪናው ውስጥ ምን ይኑር? ንፋስ ያለው ስኮርታ (ባዶ ስኮርታ ይዞ የሚሄድ ስንቱ ነው!)፣ ጀልባዋን ከነተሳቢው ማንሣት የሚችል ክሪክ፣ ክሪኩ ስር የሚደረግ ጣውላ፣ ለተሳቢው ዳዶ ልኩ የሆነ ቁልፍ፣ ጎማ ስር የሚደገፍ ድንጋይ ወይ ጉማጅ፣ መለኪያና ፖምፓ። አንድ የተሟላ ኩሽኔታም ከግራሶ ጋር ጣል አድርጉበት። የመኪናው ቁልፍ የተሳቢውን ዳዶ መግጠሙን ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ።

የወጣውን አሮጌ ጎማ ጀልባ መቆሚያው ላይ አንጠልጥሉት፣ ጀልባዋ ስትጠጋ እንዳትጋጭ ያገለግላል። ሳትሰቅሉት በፊት ግን ከስሩ ሁለት ሦስት ቦታ ቅደዱት። ውሃ አቁሮ ትንኝ አያራባም፤ ደግሞም ማንም ነቅሎ ወስዶ "አዲስ ነው፣ ጥርሱን እየው" ብሎ ለሌላ ሰው አይሸጠውም።